የአባቶችን ጉድጓድ እንደገና መቈፈር፦ ከአየርላንድ የቦታ ስሞች የምናገኘው ትምህርት



በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 26 ቁጥር 18 ስለ ይስሐቅ የተጻፈ አንድ አጭር ታሪክ አለ። በአብርሃም ዘመን የተቈፈሩትን የውኃ ጉድጓዶች ፍልስጥኤማውያን ደፍነዋቸው ነበር። ይስሐቅም ጉድጓዶቹን እንደገና ካስቈፈረ በኋላ አባቱ ባወጣላቸው በቀድሞው ስማቸው ጠራቸው። ይህን ክፍል የሚያነብ ሰው ብዙውን ጊዜ ቁፋሮውን ያስተውላል፤ ስሙን ግን ያልፈዋል። ቅዱስ መጽሐፍ ሁለቱን አያይዞ የነገረን ያለ ምክንያት አይደለም። ውኃው ሰውንና ከብቱን ያረካል፤ ስሙ ደግሞ ውኃው ከማን እንደ ተወረሰ ያስታውሳል። ከማን እንደ ወረሰው የረሳ ትውልድ ውኃውንም ቢሆን ለብዙ ዘመን አይጠብቀውም።

በዚህ ጽሑፍ ይህን የይስሐቅን ሁለተኛ ሥራ በአንዲት ሀገር የቦታ ስሞች ውስጥ እንመለከተዋለን። ሀገሪቱ አየርላንድ ናት። ከዚያ የመጡ ካህናትና ደናግል በሀገራችንም ስላገለገሉ ስሟ ለብዙዎቻችን እንግዳ አይደለም። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናሳስባለን።

1. ስሞቹ የሚመሰክሩት

የአየርላንድን ካርታ የሚመለከት ሰው «ኪል» በሚል ድምፅ የሚጀምሩ እጅግ ብዙ ስሞችን ያገኛል። ቃሉ የመጣው «ቼላ» ከሚለው የላቲን ቃል ሲሆን፣ መሠረታዊ ትርጉሙ ትንሽ ክፍል፣ በእኛ አነጋገር የመናኝ በኣት ማለት ነው። አንድ መናኝ በኣቱን ሠርቶ ሲጸልይ ሌሎች ይከተሉታል፤ ከበኣቱ አጠገብ ቤተ ክርስቲያን ይሠራል፤ በዙሪያዋም መንደር ይቈረቈራል። በዚህ ምክንያት «ኪል» የሚለው ቃል በአየርላንድ ቋንቋ ቤተ ክርስቲያን ማለት ሆነ። ኪልኬኒ የተባለችው ከተማ ስሟ «የቅዱስ ካኒስ ቤተ ክርስቲያን» ማለት ነው። ኪልዴር ደግሞ «የኦክ ዛፍ ቤተ ክርስቲያን» ማለት ሲሆን፣ ቅድስት ብሪጂድ ገዳሟን በዚያ እንደ መሠረተች ትውፊት ይናገራል።

ሁለተኛው ቃል «ዶናኽ» የሚለው ነው። ይህም «የጌታ የሆነ» ከሚለው የላቲን ቃል የተወሰደ ነው። ዶናሞር የተባሉት ልዩ ልዩ ስፍራዎች «ታላቂቱ ቤተ ክርስቲያን» የሚል ትርጉም አላቸው። ይህን ቃል የያዙ ስሞች በአየርላንድ ካሉት ክርስቲያናዊ ስሞች ሁሉ ከጥንታዊዎቹ መካከል የሚቈጠሩ ናቸው። ከዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። በዚያው ቋንቋ ዕለተ እሑድም የሚጠራው በዚሁ ቃል ነው። የጌታ ቤትና የጌታ ቀን አንድ ስም አላቸው ማለት ነው። የዚያ ዘመን ክርስቲያኖች ቤቱን ከቀኑ፣ ቀኑንም ከቤቱ ለይተው አላሰቡም። እሑድን አክብረው ጉባኤውን የሚተዉ፣ ወይም ሕንፃውን አስጊጠው እሑድን እንደ ሌላው ቀን የሚያሳልፉ ሰዎች ከዚህ አንድ ቃል ብዙ ሊማሩ ይችላሉ።

ሦስተኛው «ዲሸርት» የሚለው ነው። ምንጩ በረሓ የሚል ትርጉም ያለው የላቲን ቃል ነው። ይሁን እንጂ አየርላንድ ዝናብ የማይለያት ልምላሜ የሞላባት ሀገር ናት፤ በረሓ የላትም። ታዲያ ስሙ ከየት መጣ? ከግብፅ በረሓ መጣ ብንል አንሳሳትም። የአየርላንድ መነኮሳት የአባ እንጦንስን ገድል ሰምተው በዚያ መንገድ ለመኖር ስለ ፈለጉ፣ ለጸሎት የተለዩበትን ጫካና ደሴት «በረሓ» ብለው ጠሩት። ሞናስተርቦይስ በተባለው ጥንታዊ ገዳም የሚገኘው ከድንጋይ የተጠረበ ታላቅ መስቀል፣ አባ እንጦንስና አባ ጳውሊ አብረው እንጀራ ሲቈርሱ የሚያሳይ ሥዕል ተቀርጾበታል። የእኛም አባቶች እነዚሁኑ ቅዱሳን ነው የተከተሉት። «ገዳም» የሚለው የግእዝ ቃል መነሻ ትርጉሙ ምድረ በዳ፣ ዱር ማለት መሆኑን እናውቃለን፤ «አራዊተ ገዳም» ስንል የዱር አራዊት ማለታችን ነው። በኋላ ግን መናንያን የሚኖሩበት ስፍራ መጠሪያ ሆነ። እርስ በርሳቸው ያልተያዩ፣ በባሕርና በየብስ የተራራቁ ሁለት ሕዝቦች ከአንድ ምንጭ ስለ ጠጡ ለአንድ ዓይነት ስፍራ አንድ ዓይነት ስም ሰጡ። የቤተ ክርስቲያን ካቶሊካዊነት፣ ማለትም ኵላዊነት፣ ምን ማለት እንደ ሆነ ከዚህ የበለጠ ግልጽ ማስረጃ ለማግኘት ያስቸግራል።

2. ወንጌል የሚያርፍበት ስፍራ

ቅዱስ ፓትሪክ በ5ኛው መቶ ዓመት በአየርላንድ ሲሰብክ ሀገሪቱ ስም አልባ አልነበረችም። ተራራውም፣ ወንዙም፣ ዛፉም የየራሱ ስም ነበረው። የአየርላንድ ቤተ ክርስቲያን ዋና መንበር የሆነችው አርማ፣ ስሟ «የማካ ከፍታ» ማለት ነው። ማካ በጥንቱ እምነት የምትመለክ ሴት አምላክ ስም ነበረች። ክርስቲያኖቹ በዚያ ከፍታ ላይ ለእውነተኛው አምላክ ቤት ሲሠሩ ስሙን አልፋቁትም፤ አምልኮው ተለወጠ፣ ስሙ ግን የሕዝቡ ታሪክ ስለ ሆነ ቀረ። ዛሬ አርማ ሲባል ጣዖቷን የሚያስብ የለም፤ ሁሉም የሚያስበው ቅዱስ ፓትሪክን ነው።

በሰሜን ምሥራቅ በኩል ደግሞ ሶል የምትባል ትንሽ ስፍራ አለች። የስሟ ትርጉም የእህል ጎተራ ማለት ነው። ትውፊት እንደሚያስረዳው ዲኩ የተባለ የአካባቢው ሹም አምኖ ለቅዱስ ፓትሪክ የእህል ማከማቻውን ሰጠው፤ የመጀመሪያዋም ቤተ ክርስቲያን እርሷ ሆነች። ከኋላ የመጡት ትውልዶች ስሟን ወደ ሌላ ክቡር ስም ሊለውጡት ይችሉ ነበር፤ አልለወጡትም። ጌታችን በከብቶች ግርግም እንደ ተወለደ የሚያምን ሕዝብ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ከጎተራ መጀመሯን ለመናገር አላፈረም። አዳዲስ ጸሎት ቤቶችን በጭቃና በሣር ክዳን የጀመሩ ምእመናንም ይህን ሲሰሙ ሊጽናኑ ይገባቸዋል።

በምዕራብ በኩል የምትገኘው ኖክም እንዲሁ ናት። ስሟ «ኮረብታ» ከማለት በቀር ሌላ ትርጉም አልነበረውም፤ በአየርላንድ በዚህ ቃል የሚጀምሩ ስሞች ብዙ ናቸው። ነሐሴ 21 ቀን 1879 እመቤታችን ከቅዱስ ዮሴፍና ከወንጌላዊው ዮሐንስ ጋር በቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ በኩል እንደ ተገለጠች 15 ሰዎች መሰከሩ። ከዚያ ወዲህ በሀገሩ ቋንቋ «የማርያም ኮረብታ» ትባላለች። ር.ሊ.ጳ. ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ በ1979፣ ር.ሊ.ጳ. ፍራንቸስኮስም በ2018 ተሳልመዋታል። እግዚአብሔር ስመ ጥሩ ስፍራ አይሻም፤ እርሱ የጐበኘው ስፍራ ነው ስም የሚያገኘው።

3. ጣራ የሌለው መቅደስ

በ17ኛውና በ18ኛው መቶ ዓመት የአየርላንድ ካቶሊካውያን ጽኑ ስደት ደርሶባቸዋል። በ1697 የወጣው ሕግ ጳጳሳትና የገዳማት ካህናት ከሀገር እንዲወጡ አዘዘ። አብያተ ክርስቲያናት ተወሰዱ ወይም ፈረሱ። ሕዝቡም ከመንገድ ርቆ በሸለቆና በኮረብታ፣ በሜዳ ላይ ባለ ድንጋይ ዙሪያ እየተሰበሰበ ቅዳሴ ያስቀድስ ነበር። በዚያ ዘመን ሕንፃ ሠርቶ ስሙን በሩ ላይ መጻፍ አይቻልም ነበር። ሕዝቡ ግን ስፍራውን ሰየመው። «የቅዳሴ ድንጋይ»፣ «የቅዳሴ ጐድጓዳ ስፍራ» የሚሉ ስሞች በየአውራጃው እስከ ዛሬ ይገኛሉ። በዋተርፎርድ አውራጃ 755 ሜትር ከፍታ ያለው ኖካናፍሪን የተባለው ተራራ ስሙ «የቅዳሴ ኮረብታ» ማለት ነው። በእነዚህ ስሞች ውስጥ ቅዳሴ የሚለውን ትርጉም የያዘው «አፍረን» የተባለው ቃል ነው። ይህም «መሥዋዕት፣ የሚቀርብ ስጦታ» ከሚለው የላቲን ቃል የመጣ ስለ ሆነ፣ እኛ «ቁርባን» ከምንለው ጋር በትርጉም አንድ ነው።

በሜዮ አውራጃ ያለችው ባሊንታበር ደግሞ «የምንጭ መንደር» ትባላለች። ቅዱስ ፓትሪክ በምንጩ ውኃ ሰዎችን እንዳጠመቀ ይነገራል፤ እኛ ጠበል የምንለው ዓይነት ስፍራ ነው። በ1216 የተመሠረተው የዚህ ስፍራ ገዳም በ1653 በክሮምዌል ወታደሮች ጣራው ተደረመሰ። ምእመናን ግን በዝናብና በብርድ፣ ጣራ በሌለው መቅደስ ውስጥ ቅዳሴውን ሳያቋርጡ ከ300 ዓመት በላይ ኖሩ። ጣራው ሙሉ በሙሉ ተመልሶ የተከደነው በ1966 ነው። ምንጩ ቢታፈንም አልደረቀም፤ ስሙንም የሚጠራ አልታጣም።

4. ጉድጓዱ ሲታፈን

ስም ግን በስደት ብቻ አይጠፋም። በዝምታም ይጠፋል። በ1824 የብሪታንያ መንግሥት ለግብር ትመና እንዲያገለግል መላዋን አየርላንድ በካርታ ለማንሣት ወሰነ። አየርላንድ ታውንላንድ በሚባሉ ከ60,000 በላይ በሆኑ አነስተኛ የመሬት ክፍሎች የተከፋፈለች ስትሆን፣ እያንዳንዱ ክፍል የራሱ ስም ነበረው። ካርታውን የሚያነሡት መኰንኖች የሕዝቡን ቋንቋ አያውቁም ነበር፤ ስሞቹን በሰሙት መጠን በእንግሊዝኛ ፊደል ይጽፉ ነበር። «ባሌ» ማለትም መንደር የሚለው ቃል «ባሊ» ሆነ፤ ሌሎቹም እንዲሁ ድምፃቸው እንጂ ትርጉማቸው የማይሰማ ሆኑ።

በ1830 ጆን ኦዶኖቫን የተባለ የኪልኬኒ ገበሬ ልጅ በዚህ ሥራ ተቀጠረ። ቋንቋውን የተማረ ሊቅ ነበር። ከአውራጃ ወደ አውራጃ፣ ብዙ ጊዜም በእግሩ እየተጓዘ፣ በየስፍራው ሽማግሎችን ስሙን እንዴት እንደሚጠሩት ጠየቀ፤ የሰማውንም ከጥንታውያን መጻሕፍት ጋር አስተያየ። ይህ ጥንቃቄ አስፈላጊ ነበር። ለምሳሌ «ኪል» የሚለው ጽሕፈት አንዳንዴ ቤተ ክርስቲያን፣ አንዳንዴ ደግሞ ድምፁ የሚቀራረበውን ጫካ የሚለውን ቃል ይወክላል። በዐይን አይቶ መለየት አይቻልም፤ የአገሩ ሰው ሲጠራው መስማት ያስፈልጋል። በደብሊን ከተማ ያለው ቴምፕል ባር የተባለው ሰፈርም በእንግሊዝኛ «መቅደስ» የሚል ቢመስልም፣ ስሙን ያገኘው ቴምፕል ከተባለ ቤተሰብ ነው። ትርጉም ያለ ጥያቄና ያለ ማስረጃ አይገኝም።

የመጨረሻዎቹ ካርታዎች በ1846 ታተሙ። ታላቁ ረኃብ የጀመረው ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት፣ በ1845 ነበር። በ1841 ከ8 ሚልዮን በላይ የነበረው የአየርላንድ ሕዝብ በ1851 ወደ 6.5 ሚልዮን ወረደ። ወደ አንድ ሚልዮን የሚጠጋ ሕዝብ በረኃብና በበሽታ አለቀ፤ ሌላው ተሰደደ። ከሞቱትና ከተሰደዱት ብዙዎቹ የጥንቱን ቋንቋ የሚናገሩ ድኾች ነበሩ። ኦዶኖቫን ጥያቄውን ለ20 ዓመት ቢያዘገየው ኖሮ፣ መልስ ከሚሰጡት ሽማግሎች ብዙዎቹን በመቃብር ባገኛቸው ነበር። አባቶች በሰጡት ስም ጉድጓዶቹን የጠራው ይስሐቅ በዚያ ሕዝብ መካከል ይህን ይመስል ነበር። ዛሬ የአየርላንድ መንግሥት የቦታ ስሞችን የሚያጠና ክፍል አለው፤ ከ2008 ጀምሮም የስሞቹን መዝገብ ማንም ሰው በኮምፒዩተር ሊመለከተው ይችላል። መሠረቱ ግን የተጣለው በእነዚያ በተጠየቁ ሽማግሎች አንደበት ነው።

5. ስም የሚሸከመው ቍስል

ስሞች ክብርን ብቻ አይሸከሙም። በአየርላንድ «ኪሊን» የሚባሉ ስፍራዎች አሉ። ቃሉ አንዳንድ ጊዜ ትንሽ ጫካ ማለት ሲሆን፣ ብዙ ጊዜ ግን ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ማለት ነው። በፈረሱ አሮጌ አብያተ ክርስቲያናት አጠገብ ባሉ እንዲህ ባሉ ስፍራዎች፣ ሳይጠመቁ የሞቱ ሕፃናት እስከ 20ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ድረስ ይቀበሩ ነበር፤ በተባረከው መቃብር አይቀበሩም ነበርና። አባት በሌሊት ሕፃኑን ታቅፎ ሄዶ፣ ያለ ካህንና ያለ ለቅሶ ቀብሮት ይመለሳል። እናቲቱም በሕይወቷ ሙሉ ያንን ስም ስትሰማ ልቧ ይቈስላል። በ1992 የወጣው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ በቍጥር 1261 እነዚህን ሕፃናት ለእግዚአብሔር ምሕረት በአደራ እንድንሰጥ ያስተምረናል፤ ሕፃናትን ወደ እርሱ የጠራው ጌታ የሚያድንበት መንገድ እንዳለው ተስፋ እናደርጋለን። በብዙ ስፍራዎችም እነዚህ መቃብሮች በኋላ ተባርከዋል፤ የመታሰቢያ ድንጋይም ቆሞላቸዋል። ልጁን ሳያስጠምቅ የቀበረ ቤተሰብ በቁምስናችን ቢኖር፣ የትምህርተ ክርስቶስ መምህር ይህን የተስፋ ትምህርት ሊያደርስለት ይገባል፤ ሕፃናትን ያለ መዘግየት ማስጠመቅ እንደሚገባም በዚያው አንደበት ያስተምራል።

ስም መለያያ የሚሆንበትም ጊዜ አለ። ቅዱስ ኮሉምባ ገዳም መሠረተባት የምትባለው፣ ስሟም «የኦክ ደን» ማለት የሆነው የዴሪ ከተማ፣ በ1613 የንጉሥ ቻርተር «ለንደን» የሚል ቃል ተጨምሮባት ለንደንዴሪ ተባለች። እስከ ዛሬ አንዱ ወገን በአንዱ፣ ሌላው በሌላው ስም ይጠራታል፤ ሰውየው የትኛው ወገን እንደ ሆነም ከአጠራሩ ይገመታል። በአንጻሩ በ1970ዎቹ ዓመታት በሰሜን አየርላንድ የፖስታ አድራሻ በመንገድ ስምና በቤት ቍጥር እንዲሆን ሲደረግ፣ የታውንላንድ ስሞቻቸው እንዳይጠፉ ካቶሊኮችም ፕሮቴስታንቶችም በአንድነት ተከራክረዋል። በአንዱ ስም የተጣሉ ሰዎች በሌሎች ስሞች ተስማሙ። ስም ሁለቱን ሊያደርግ ይችላል፤ የሚወስነው የሚጠራው ሰው ልብ ነው።

6. ለእኛ የተሰጠ ሥራ

እንግዲህ ይህ ሁሉ እኛን እንዴት ይመለከተናል? በአየርላንድ በየቀኑ «የእገሌ ቤተ ክርስቲያን» የሚል አድራሻ እየጻፈ ትርጉሙን የማያውቅ ሰው ቢኖር አያስደንቅም፤ ቋንቋው ከአፉ ተወስዶበታልና። የሚያስፈራው የእኛ ነገር ነው። ቋንቋችን ሳይወሰድብን ቃሎቻችን ባዶ ድምፅ እንዳይሆኑብን መፍራት አለብን። ቁርባን እንላለን፤ ራሳችንን የምናቀርብበት መሥዋዕት መሆኑን እናስባለን? ገዳም ለመሳለም እንሄዳለን፤ ከከተማው ጫጫታ ወጥተን ከእግዚአብሔር ጋር ብቻችንን የምንሆንበት «በረሓ» በልባችን አለ? ክርስቲያን እንባላለን፤ ቤተ ክርስቲያን የሚል ስም ተሸክሞ ፍርስራሽ እንኳ እንደሌለበት ሜዳ ሆነን ይሆን? ስሙ ከቀረ ዘንድ ተስፋ አለ፤ ስፍራውን ያመለክታልና። ነገር ግን በስሙ ስር ካልተቈፈረ ውኃ አይገኝም።

ስለዚህ ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን በተለይ ሦስት ነገሮችን እናሳስባለን። አንደኛ፣ ጠይቁ። ቁምስናችሁ ያለችበት መንደር፣ ወንዙና ኮረብታው ስማቸው ምን ማለት እንደ ሆነ፣ የመጀመሪያዋ ጸሎት ቤት በማን ቤት ወይም በየትኛው ዛፍ ጥላ ስር እንደ ተጀመረች የሚያውቁ ሽማግሎችና ባልቴቶች በሕይወት ሳሉ ጠይቃችሁ በደብተር ጻፉ፤ የነገረውን ሰው ስምና ቀኑንም አብራችሁ አስፍሩ። ሁለተኛ፣ አትፍጠሩ። ለማታውቁት ስም ያማረ ትርጉም አትስጡ፤ ሁለት ሽማግሎች ሁለት ዓይነት ቢነግሯችሁ ሁለቱንም ጻፉ። እውነትን የምናስተምር ሰዎች ከትንሿ ነገር ጀምረን እውነተኞች እንሁን። ሦስተኛ፣ አስረዱ። ልጆችን ለጥምቀት፣ ለቁርባንና ለሜሮን ስታዘጋጁ ቃሉን ከማስጠናት በፊት ትርጉሙን አስረዱአቸው። እያንዳንዱ ልጅ የክርስትና ስሙ የማን እንደ ሆነ፣ ያ ቅዱስ ምን እንዳደረገ ይወቅ። ወላጆችም ይህን በቤታችሁ ጀምሩት፤ አንድ ምሽት ከእራት በኋላ ልጃችሁን በክርስትና ስሙ ጠርታችሁ የቅዱሱን ታሪክ ብትነግሩት ይበቃል።

እግዚአብሔር ሕዝቡን በየስሙ እንደሚጠራ ነቢዩ ኢሳይያስ ይነግረናል (ኢሳ. 43፥1)። ዮሐንስም በራእዩ ድል ለነሣው ሰው በነጭ ድንጋይ ላይ የተጻፈ አዲስ ስም እንደሚሰጠው አይቷል (ራእ. 2፥17)። በስደት ዘመን ድንጋዩን «የቅዳሴ ድንጋይ» ብለው የሰየሙት ድኾች የአብዛኞቻቸው ስም በየትኛውም መዝገብ የለም። የጠሩት ስም ግን ለልጅ ልጆቻቸው እምነታቸውን አስረከበ፤ የእነርሱም ስም በእግዚአብሔር ዘንድ ተጽፎአል።

አባቶቻችን የቈፈሩልንን የሕይወት ውኃ ጉድጓድ እንዳንደፍን፣ የተደፈነውንም እንደገና ቈፍረን በስሙ እንድንጠራው እግዚአብሔር አምላካችን ኀይሉን ይስጠን። የእመቤታችን የቅድስት ድንግል ማርያም አማላጅነት፣ የቅዱስ ፓትሪክና የቅድስት ብሪጂድ፣ የአባ እንጦንስና የአባ ጳውሊ ጸሎት ከሁላችን ጋር ይሁን። አሜን።